ጉንጬን ያቀኑብኝ ቀን

ወኅኒ ቤቱን መጀመሪያ ያየሁት በአንድ ዓይኔ ነው። ግራው አብጦ ተደፍኖ ነበር። በቀኙ ያየሁት የጭቃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ እንደ በግ ጉረኖ ጎንበስ ብለው የሚገቡበት በር ነው። ውስጡ ሃያ ምናምን ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። የላብና የበሰበሰ ሣር ሽታ ነበረው። ከሦስት ቀን በኋላ ሽታው ጠፋኝ፤ እኔም እንደዚያው ሸትቼ ነው መሰለኝ።

የከተማውን ስም አልጽፍም። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅም ቢያውቀው አይጠቅመው። እኔ የስማዳ ሰው ነኝ፣ አገሬ ከወገዳ ዝቅ ብሎ ከቆላው አፋፍ ላይ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። የታሰርሁበት ነገር አጭር ነው። ቀያሾች ርስታችንን ሊለኩ ገመድ ይዘው መጡ። ለምን ትለካላችሁ አልናቸው። ለእናንተው ጥቅም ነው አሉን። ለእኔ ጥቅም ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ በእግሩ የሚመጣ የመንግሥት ሰው አይቼ አላውቅም። ገመዱን ረገጥሁት። እግርህን አንሣ አሉኝ፤ አላነሣም አልሁ። ሰዉም ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ሕዝብ አሳማፂ ሆነ።

በመንገድ ላይ ማንም አልነካኝም። ከተማ ገብተን ከፖሊሱ ጽሕፈት ቤት ደጅ ስንደርስ አንዱ "ገመድ የረገጠው ይኼ ነው" አለ። ሌላው ቀና ብሎ አየኝና በጠመንጃው ሰደፍ ግራ ጉንጬን መታኝ። አንድ ጊዜ ነው። ብዙ ተመታሁ የሚል ሰው ሞልቷል፤ እኔ የተመታሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ደህና አድርጎ ነው የመታኝ።

በእግር ብረት ያቆራኙኝ ከአንድ የጋይንት ከብት ሌባ ጋር ነው። የኔ ግራ እግር ከሱ ቀኝ እግር። ረጅም፣ ከሲታ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። ገና ከመቀመጤ ፊቴን ገልመጥ አድርጎ፣

"ምን ሰርቀህ ነው?" አለኝ።

"አልሰረቅሁም።"

"እንግዲያስ ተቸግረሃል። የኔ የበሬ ፍርድ ሁለት ዓመት ነው፣ ይታወቃል። ያልሰረቀ ሰው ፍርዱ ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል?"

ልስቅ ብል አፌ አልከፈት አለኝ። እብጠቱ ነው ብዬ ተውሁት። ግን እብጠቱ በየቀኑ ሲጎድል አፌ ያው ነው። በላይና በታች ጥርሶቼ መሐል አንዲት ጣት ብቻ ታልፋለች፤ ከዚያ በላይ ልክፈት ስል መንጋጋዬ ከአጥንት ጋር ተላትሞ ይቆማል። ዳቦ ማኘክ ቀረ። አንድ የእስቴ ቄስ አብረውን ታስረው ነበር፤ እሳቸው በሶ በውሃ እየበጠበጡ ያጠጡኝ ጀመር። እንዲያ ነው የኖርሁት።

በሳምንቱ ዓይኔ ተገለጠ። እብጠቱም ሄደ። መስታወት የለም። ሌባው ነው የነገረኝ።

"አንተ ስማዳ፣ ጉንጭህ ጎድጉዷል። እንቁላል ያስቀምጣል።"

ዳበስሁት። እውነቱን ነው። የቀኙ ጉንጬ አጥንት ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የግራው የለም፤ ጣት የሚገባበት ጉድጓድ ሆኗል። ከንፈሬም በዚያ በኩል ደንዝዟል፤ የሰው ከንፈር የነካሁ ነው የሚመስለኝ።

በዚያው ሰሞን ሌባው ከዘበኞቹ ወሬ አመጣ። የስማዳ ሰው አቤት ስላለ ከጠቅላይ ግዛቱ አንድ መርማሪ ይመጣል፤ የታሰሩትን ያነጋግራል፤ ማን እንደተመታ ይጠይቃል። ይኼን ስሰማ ጉድጓዱን ዳበስሁና እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ። በእኛ አገር ሙግት ቁስል ያለው ሰው እማኝ አይቸግረውም። ዳኛው ፊት ቀርበህ ልብስህን ትገልጣለህ፣ ታሳያለህ፣ አለቀ። የኔን ደግሞ መግለጥም አያሻውም፤ ፊቴ ላይ ነው። መርማሪው እስኪመጣ ይችን ጉድጓድ ልጠብቅ አልሁ።

በማግስቱ የወኅኒው አዛዥ ራሱ መጣ። መቶ አለቃ ነው። ከዚያ በፊት ወደ እኛ በር ዝቅ ብሎ ገብቶ አያውቅም ነበር። ከኋላው አንድ ነጭ ካፖርት የለበሰ ቀጭን ሰው ተከትሎታል። የከተማው ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ነው፤ ጎንደር የተማረ ነው አሉ።

"እንዴት አደሩ?" አለኝ ድሬሰሩ።

አንቱ አለኝ። እግር ብረት ላለበት ባላገር። የመንግሥት ሰው አንቱ ሲልህ ኪስህን ዳብስ።

አፍዎን ይክፈቱ አለኝ፣ ጣቱን አስገብቶ ለካ። አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ይታይዎታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከንፈሬን በመርፌ ነካ ነካ አደረገ። ሁለቱንም አውራ ጣቶቹን ጉንጮቼ ላይ አኑሮ ከላይ ቁልቁል ተመለከተኝ፤ ገበያ ላይ የበሬ ትከሻ እንደሚያይ ሰው። ከዚያ እንዲህ አለ፤

"የጉንጭዎ አጥንት ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገብቷል። የገባው አጥንት ነው መንጋጋዎን የያዘው። ላነሣው እችላለሁ። ከዚህ ሳምንት ካለፈ ግን እዚያው እንደ ጎደጎደ ይይዛል፤ እኔም አልችለውም።"

"ፊቴን ልትቀደው?"

"ፊትዎን አልነካም። ከጆሮዎ በላይ ከፀጉርዎ ውስጥ ትንሽ እቀዳለሁ። በዚያ ብረት አስገብቼ ከሥሩ አነሣዋለሁ። ፀጉርዎ ሲያድግ ጠባሳው አይታይም። ባለቤትዎ እንኳ አያውቁትም።"

አዛዡ ከኋላው ፈገግ አለ። "ሰማህ?" አለኝ። "ማንም እንዳልነካህ ትሆናለህ።"

ያኔ ነገሩ ገባኝ። ወይም የገባኝ መሰለኝ።

"አልፈልግም" አልሁ።

"ምን ዓይነት ደረቅ ነው! መንግሥት ላሳክምህ ሲል?"

"የሰበረው መንግሥት ነው። እንደሰበረው ይቆየኝ።"

ሄዱ። ድሬሰሩ ከበሩ ላይ ዞር ብሎ አየኝ። ምን ብሎ እንዳየኝ አላወቅሁም።

ሌባው እግሩን ዘርግቶ፣ የኔንም አብሮ እየጎተተ፣ "ደግ አደረግህ" አለኝ። "እኔ በሬ ስነዳ ከኋላዬ ቅጠል እየጎተትሁ ዱካውን እጠርጋለሁ። ይኼም ያው ነው። ዱካቸውን ሊጠርጉብህ ነው። ከሌባ ስማ።"

ቄሱ ግን፣ "መርማሪው ሲመጣ ምን ልትለው አስበሃል?" አሉኝ።

ነገርኋቸው።

"አልሰማሁህም። እስቲ እኔ መርማሪው ልሁን። ቁምና ተናገር።"

ቆምሁ፤ ሌባውም አብሮኝ ቆመ፤ ግድ ነው። ስለ ገመዱ፣ ስለ ርስቱ፣ ስለ ሰደፉ አስረዳሁ። በአገሬ ሙግት የማላሳፍር ሰው ነበርሁ። አንድ ሁለት ቃል ሲሆን ይለያል፤ ነገር ሲረዝም ግን ከጥርሴ መሐል የሚወጣው እንደ ተዘጋ ማሰሮ ፍል ነው፤ ይንዶቆዶቃል እንጂ ቃል አይሆንም።

"ምን አለ?" አሉ ቄሱ።

"ገመዱን በላሁት ነው የሚለው" አለ ሌባው።

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ተናድጄ ስጮህ ደግሞ፣ "ቀያሹንም እበላዋለሁ ይላል" አለ። ቄሱም ሳይወዱ ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ግን እንዲህ አሉኝ፤

"ልጄ፣ ጉድጓዱ ተሰበርሁ ይላል። ማን እንደሰበረው አይናገርም። ለምን እንደሰበረውም አይናገርም። ያንን የሚናገር አፍ ነው፤ አፍህ ደግሞ ተዘግቷል። እነሱ ወድቆ ነው ቢሉ በምን ትመልሳለህ?"

ጉድጓዱን ብጠብቅ አፌን አጣለሁ፤ አፌን ባገኝ ጉድጓዱን አጣለሁ። ሁለት ቀን ይኼን ስፈጭ ሰነበትሁ፤ ሌላ የምፈጨው እህልም አልነበረኝ።

በሦስተኛው ቀን ድሬሰሩ ብቻውን መጣ። ለአንድ ተስቦ ላመመው እስረኛ ኪኒን ይዞ ነው። ሲወጣ ጠራሁት።

"ማን ላከህ?" አልሁት። እኔ አንተ ነበር የምለው፣ ልጅ እግር ነው።

"ዛሬ ወይስ ያን ዕለት?"

"ያን ዕለት።"

"አዛዡ ጠርተውኝ ነው።"

አልካደም። ይኼም አሳሰበኝ። ውሸታም ከሆነ የሚያዝበትን አውቃለሁ፤ ግማሹን እውነት የሚነግርህን ሰው ግን በየት በኩል ትይዘዋለህ?

"ለምን ጠሩህ?"

"አልነገሩኝም። አልጠየቅሁም።"

"ይኼን ነገር ስንት ሰው ላይ ሠርተሃል?"

"ጎንደር አንድ የውጭ አገር ሐኪም ሦስት ሰው ሲሠራ መብራት ይዤ አይቻለሁ። ራሴ አንድ ሠርቻለሁ።"

"ያ ሰውዬ ምን ሆነ?"

"ይበላል።"

ትንሽ አሰብሁ። "እሺ" አልሁት። "መጀመሪያ ግን እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ጉድጓዱን ይንካልኝ። አንተም ቁመህ እይ።"

ቄሱ ጀመሩ። ከዚያ እየተነሡ፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ብረታቸው እየተንቀጫቀጨ መጡ። እያንዳንዱ አውራ ጣቱን ጉንጬ ላይ ከጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ፣ "ነክቻለሁ" እያለ አለፈ። እንደ ሙግት እማኝ ነው የቆጠርኋቸው። የአንዱ ጣት ሻካራ ነው፣ የአንዱ ትኩሳት አለው፤ ከንፈሬ ቢደነዝዝም ጉንጬ የያንዳንዱን ክብደት ያውቃል። ድሬሰሩ ሰዓቱን ሳያይ ቆሞ ጠበቀ። ሲያልቁ፣ "እኔም ነክቼዋለሁ" አለ።

"አንተ እማኝ አይደለህም" አልሁት።

ጎንበስ ብሎ በበሩ ወጣ።

ወደ ጤና ጣቢያው የወሰዱን በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። የወሰዱን ያልሁት ሌባውም አብሮ ስለመጣ ነው። ድሬሰሩ ብረቱን ፍቱለት ቢል ዘበኛው ቁልፉ አዛዡ ዘንድ ነው አለ፤ አዛዡ ደግሞ ቅዳሴ ሄዷል። ስለዚህ እኔ አልጋው ላይ ተኛሁ፤ ሌባው አልጋው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ እግሬ በሱ በኩል ተንጠለጠለ።

ከግራ ጆሮዬ በላይ አንድ መዳፍ የሚያህል ፀጉር ላጨ። መርፌ ወጋኝ፤ ቦታው እንጨት ሆነ። ሲቀድ አልተሰማኝም፤ የሞቀ ነገር ወደ ጆሮዬ ሲወርድ ብቻ ነው ያወቅሁት። ከዚያ እንደ ረጅም ማንኪያ እጀታ ያለ ጠፍጣፋ ብረት አነሣ። ከላይ አስገብቶ ቁልቁል ሲገፋው ከቆዳዬና ከአጥንቴ መሐል ሲሄድ ይሰማኛል። አያምም። ግን ሰው በቤትህ ጓዳ ውስጥ ሲሄድ እንደመስማት ነው። በልቤ፣ አሁን ዓይኔን ቢያወጣውስ፣ ማን ይጠይቀዋል አልሁ። ግንባሩን አየሁት። ላቡ ይንጠባጠባል።

"አሁን አነሣለሁ" አለ። "አይንቀሳቀሱ።"

የተጠቀለለ ጨርቅ ከብረቱ ሥር አድርጎ፣ በቀስታ፣ በጉልበት አነሣ። ጭንቅላቴ ውስጥ ቀጭ አለ። የደረቀ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነው፣ ይኼኛው ግን አጥንቱ ተመልሶ ሲገጥም ነው። ወዲያው ደግሞ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ እግሬም በኃይል ወደ ታች ተጎተተ። ሌባው ተዝለፍልፎ ወድቋል።

"አፍዎን ይክፈቱ" አለኝ ድሬሰሩ።

ከፈትሁ። ሦስት ጣት አስገባ።

"ይናገሩ።"

የመጀመሪያ ቃሌ ለሌባው ነው። "ተነሥ፣ አንተ በሬ ነጂ፣ እግሬን ልትነቅለው ነው" አልሁት። ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ድሬሰሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ሁለት ቦታ ሰፋው። ጉንጬ ላይ በወይን ጠጅ ቀለም መድኃኒት መስመር አሰመረ። በዚህ ጎን አይተኙ፣ ማንም እንዳይነካዎት ነው ምልክቱ አለኝ። እኔ ግን መንገዱን ሁሉ፣ የት ብለው እንደሚመቱኝ ሊያሳያቸው ነው እያልሁ መጣሁ። ማንም አልመታኝም።

ሳምንት ሲሞላው ጉንጬን ዳበስሁት። ሞልቷል። ቀኙና ግራው አንድ ነው። ዳቦ በዚያ በኩል አኘክሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን የርስት ደብዳቤው የጠፋበት ሰው ነው የመሰልሁት። ቄሱን "አፌን አገኘሁ፤ ምን አሳያለሁ?" አልኋቸው።

ድሬሰሩ ክሩን አውጥቶልኝ ሌላ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ የመርማሪው መምጫ ቅዳሜ ነው ተባለ። ዓርብ ከሰዓት ፀሐይ ላይ ሲያወጡን ስፌቱን በጣቴ ፈለግሁት። አጭር ፀጉር በቅሎበት ተሸፍኗል። ያ ሰው እንዳለው ነው፤ አይታይም። እዚያው ቁጭ ብዬ አሰብሁ። ጉንጬ ድኗል፤ ግን ሊያድኑት የገቡበት በር አለ። ያልተሰበረ አጥንት ማን ከፍቶ ያነሣዋል?

ዘበኛውን ምላጭ ለመንሁት። ቅማል በላኝ አልሁት። ይኼ ውሸት አይደለም፤ ሁላችንንም በልቶን ነበር። ዘበኛው ቆሞ እያየ ሌባው ላጨኝ።

"ሰው ላጭቼ አላውቅም" አለ። "የበግ ቆዳ ነው የገፈፍሁት።"

"እንደ በጉ አድርገው፤ ብቻ አንገቴ ላይ አቁም።"

ሙልጭ አድርጎ ላጨኝ። ጠባሳው ወጣ። የአውራ ጣት ርዝማኔ ያለው፣ ገና ሮዝ የሆነ፣ የስፌቱ ነጠብጣብ በግራ በቀኙ ያለ።

መርማሪው ግቢው ውስጥ ከወይራው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጸሐፊው በጎኑ። አዛዡ ከኔ በፊት ቀድሞ ተናገረ።

"ጌታዬ፣ ማንም አልነካውም። ፊቱን ይዩት።"

መርማሪው ፊቴን አየ። ምንም የለበትም። ከዚያ ቀና ብሎ የተላጨ ራሴን አየ። በእኛ አገር ሰው ራሱን የሚላጨው ዘመድ ሲሞትበት ነው።

"ሐዘን ደርሶብሃል?" አለኝ።

"አልደረሰብኝም ጌታዬ። ጠባሳዬን እንዲያዩልኝ ነው።" ጎንበስ ብዬ አሳየሁት። "ጉንጬ ተሰብሮ ነበር። በዚህ በኩል ገብተው አነሡት። የሰበሩት እዚያ ደጅ ላይ፣ በሰደፍ ነው።" ከዚያ የገመዱን ነገር ከሥሩ ጀምሬ ተናገርሁ። ቃል አልጎደለብኝም።

"የልጅነት ጠባሳ ነው" አለ አዛዡ።

"ሃያ ሁለት እማኝ አለኝ፤ ጉድጓዱን የነኩ።"

"ሌቦች ናቸው ጌታዬ።"

ሌባው አጠገቤ ሆኖ በዝግታ፣ "እውነቱን ነው፣ እኔ ሌባ ነኝ" አለ። መርማሪው አላየውም። ጣቱን ጠባሳዬ ላይ አሳረፈና፣ "ይኼ የልጅነት አይደለም። ማን ሰፋው?" አለ።

ድሬሰሩን ጥሩት ተባለ። ቆየ። ወጥቶ ሄዷል፣ ሰወሩት አልሁ በልቤ። መጣ፤ ካፖርቱን እንደለበሰ ነው።

"ይኼን የሰፋኸው አንተ ነህ?"

አዛዡን አየ። እኔን አየ። "እኔ ነኝ" አለ።

"ለምን?"

"የጉንጭ አጥንቱ ተሰብሮ ነበር፤ አነሣሁት።"

"ምን ሰበረው?"

"አላየሁም።"

ይኸው፣ ግማሽ ሰው አልሁ።

"ወድቆ ሊሆን ይችላል?"

"ይችላል።" አለ። ከዚያ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ "የሚወድቅ ሰው ግን እጁን ያስቀድማል። መዳፉ ወይም ጉልበቱ ይላጣል። የሳቸውን አይቻለሁ፤ አልተላጠም" አለ።

መርማሪው ጸሐፊውን "ጻፍ" አለው። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲፋቅ ሰማሁ። እኔ በተላጨ ራሴ፣ ነጠላዬን ሳልከናነብ፣ ተጽፎ እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ ቆምሁ። አዛዡ ራስህን ሸፍን አለኝ። አልሸፈንሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ አይደለም። የመታኝ ፖሊስ ሲቀጣ አላየሁም። እኔ ሰባት ወር ታስሬ ተፈታሁ። ድሬሰሩን ግን ክረምት ሳይገባ ወደ ሌላ አገር አዛወሩት። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። በዚያ ቃሉ ነው እንዳልል ማስረጃ የለኝም፤ አይደለም እንዳልልም አላምናቸውም።

አንድ ጊዜ ብቻ አገኘሁት፣ ከዓመታት በኋላ፣ ንፋስ መውጫ ገበያ ላይ። ሰላም ሳይለኝ ሁለቱን አውራ ጣቶቹን ጉንጮቼ ላይ አኖረና ከላይ ቁልቁል አየ። "እኩል ነው" አለ። መኪና ይጠብቀው ነበርና ሄደ። ለማን ብለህ ነው ከፀጉር ሥር የደበቅኸው፣ ለአዛዡ ነው ወይስ ለኔ፣ ብዬ ልጠይቀው ያሰብሁትን ሳልጠይቀው ቀረሁ። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላልሁትም። ሲርቅ ነው ትዝ ያለኝ።

አሁን ሥራዬ ነው፤ አስባለሁ። ምናልባት እሱ የደበቀው ከማንም አይደለም። የተማረውን በደንብ መሥራቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሰው ፊት ላይ ጠባሳ አለመተው ለሱ ሙያ ነበር። እኔ ደግሞ ጠባሳን የማውቀው በዳኛ ፊት ነው። ይኼን ለማሰብ ዕድሜዬን ፈጀሁ። አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንሁትም፤ እንዲያ ነው ተፈጥሮዬ።

ራሴ ከተመለጠ ቆየ። ጠባሳው ያለ ምላጭ ወጥቶ ይታያል፤ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም፣ ገበያ ስውል፣ ልጆቼ ፊት። ምን ሆነህ ነው ያለኝ ሰው የለም። ስለዚህ ፊደሌ ቢጣመምም ተቀምጬ ጻፍሁት።